ከእኔ ቀድሞ ባሕር የተሻገረው ዓይኔ

እናቴ እኔን ያሳደገችኝ በሁለት ቃል ነው፤ «ዓይንሽን ስበሪ!» እንግዳ ሲመጣ ዓይንሽን ስበሪ፣ የንስሐ አባት ሲመጡ ስበሪ፣ ገበያ ስትሄጂ ስበሪ፣ ስትመለሺ ደግሞ የባሰ ስበሪ። ከዚህ የተነሣ የሰፈራችንን ሰው በፊቱ ሳይሆን በጫማው የማውቅ ልጅ ሆኜ አደግኩ። ጎረቤታችን አያ ሙሄ ቤታችን ሲገቡ የምለያቸው በሽቦ በታሰረው የጎማ ጫማቸው ነበር። ጫማ የለወጡ ቀን «እማዬ፣ የማናውቀው ሰው መጥቷል» ብዬ ተጣርቻለሁ። «የይመር ልጅ እናኑ ዓይነ አፋር ናት» ይባልልኝ ነበር። በእኛ አገር ለሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ ቢኖርም የሚሰጠው ለወንድ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ዓይነ አፋር የነበርኩ ሰው በአንድ ከሰዓት እንዴት ዓይን አውጣ እንደተባልኩ ልንገራችሁ። ወሬውን መካነ ሰላም ወይም ከላላ ገበያ ላይ ሰምታችሁት ይሆናል። የሰማችሁት ግን ከአፍ አፍ ሲዞር ያበጠውን ነው።

ያኔ መካነ ሰላም ውስጥ በአንዲት ልብስ ስፌት ቤት በሰው የስፌት መኪና እሠራ ነበር። ሥራው ለእኔ የተፈጠረ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ፊቱን ማየት አይጠበቅብኝም፤ ክሩንና ጠርዙን ካየሁ ይበቃል። ጠማማ ስፌት ያየሁ እንደሆነ ግን ዓይኔ እዚያው ተተክሎ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከፊቴ የቆመች ሴት የቀሚሷ ጠርዝ ከተጣመመ ቅዳሴው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ምኞቴ የራሴ የስፌት መኪና ያለባት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ለዚህ ደግሞ በእኛ አካባቢ የታወቀው መንገድ ዓረብ አገር ነው። ታላቅ እህቴ ሄዳ የቤታችን ሣር ክዳን ቆርቆሮ ሆኗል። እኔም ትንሽ ሠርቼ ልመለስ ብዬ አባቴን ስለምነው ከረምኩ።

አባቴ ነገር ሲያስብ ዝም የሚል ገበሬ ነው። ዝም ብሎ ዝም ብሎ በመጨረሻ «እሺ፤ ግን የምትገቢበትን ቤት ሽማግሌ ይዤ ሳላይ አልሰድሽም» አለኝ። ለባል የምትሰጥ ልጅ እንኳ የባልየው ቤት ይታይላታል፤ ለማዳም የምትሰጠው ለምን አይታይላትም ነው ነገሩ። ባሕር ማዶ ያለን ቤት በቦቲ ጫማው ሄዶ እንዴት ሊያይ እንዳሰበ እግዜር ይወቅ።

የሚገርመው ቤቱ ራሱ መካነ ሰላም ድረስ መጣለት። በዚያ ክረምት አንድ ኤጀንሲ ከተማው ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ነበር፤ ልጆቹን የሚፈትነውም በመነጽር ነው። መነጽር ስላችሁ አያቶቻችሁ ዳዊት የሚደግሙበትን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከግንባር እስከ አፍንጫ የሚከድን፣ ከኋላ በማሰሪያ የሚጠብቅ ጥቁር ነገር ነው። እሱን ያጠለቀ ሰው የዓረብ ቤት ውስጥ ገብቶ ይዞራል፤ ዞር ሲል ግድግዳውን፣ ቀና ሲል ጣሪያውን ያያል። ማዳሞቹ በፎቶግራፍ ሠራተኛ መምረጥ ሰልችቷቸው ልጅቷ ቤት ውስጥ ምን እንደምትመስል ማየት ፈልገዋል ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ፤ ፈካ ያልኩት ድምፁን ሰምቼ ነው። «ይኸው! ቤቱን ሊያሳዩን ነው» አለ። ማን ማንን እንደሚያይ አልጠየቀም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የሄድንበት ቀን የፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። ጭጋጉ ከተማውን ውጦት ሰው በድምፅ ነበር የሚፈላለገው። አባቴ ያመጣቸው ሽማግሌዎች አንደኛው አያ ሙሄ፣ ሌላው የደብራችን መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። መሪጌታ ሲቆጡ ጎጃም ድረስ ይሰማል ይባልላቸዋል። ሦስቱም ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ ልጆች ከነቤተሰባቸው ግጥም ብለዋል።

የኤጀንሲው ወኪል ደምሰው የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ሰው ነው። መነጽሩን በሻሼ ላይ አጠለቀልኝና ማሰሪያውን አጠበቀው።

«አይዞሽ፣ ጨዋታ በይው። አሁን አረንጓዴ ክብ ይመጣልሻል፤ እሱን ትኩር ብለሽ እዪው።»

«ካየሁት በኋላስ?»

«ካየሽው ተስማማሽ ማለት ነው።»

«በምን ነው የምስማማው?»

«በሁሉም ነገር።»

ከክቡ ሥር ብዙ ጽሑፍ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ነው፣ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አረንጓዴውን አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ «አትዪ» ሲባል የኖረ ሰው አንድ ቀን «እዪ» ሲባል ምን ይበል?

ክቡ ጠፋና ቤቱ መጣ። አቤት ቤት! ወለሉ ላይ ፊቴን የማይ መሰለኝ። መጋረጃው ከጣሪያ ተነሥቶ ወለል ይጠርጋል፤ የታችኛው ጠርዝ በእጅ ነው የተሰፋው ወይስ በመኪና እያልኩ ጎንበስ ብዬ ሳየው ቆየሁ። ወጥ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ እግሩን ወደ ላይ የሰቀለ የተጠበሰ ዶሮ ተቀምጧል፤ ጾም ስለሆነ ዓይኔን ቶሎ አነሣሁ። ከዚያ ማዳሟ መጣች። ዓይኔን ሰበርኩ። እሷ ስታወራ የጫማዋን ዘለበት እያየሁ «እሺ፣ እሺ» አልኩ። ሳሎን ውስጥ ነጭ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አየሁ። ሽማግሌ ተቀምጦ እያየሁ እንዴት ቀጥ ብዬ አልፋለሁ? ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ግንባሬ ከነመነጽሩ ከደምሰው ጠረጴዛ ጋር ተላተመ። ከኋላዬ ሳቅ ተነሣ፤ የአባቴን ሳል ለየሁት። ደምሰው «የሉም እኮ፣ ምስል ናቸው!» እያለ ትከሻዬን ይዞ አቀናኝ።

መጨረሻ ላይ ደረጃው ሥር ደረስኩ። ደረጃው ላይ አንድ ወጣት ወንድ ዕቃ ተሸክሞ ቆሟል። «እኔ የቤቱ ሾፌር ነኝ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። አባቴና ሁለት ሽማግሌ ከኋላዬ ተቀምጠው ወንድ ሲያናግረኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አሳምሬ አውቃለሁ። ዓይኔን ሰበርኩ። ሰውዬው ግን ከእኔ ከፍ ብሎ ነው የቆመው። መሬት ያረፈ መስሎኝ የነበረው ዓይኔ ቀበቶው ላይ አረፈ። የቀበቶው ነገር ደግሞ ጉድ ነው፤ በአንደኛው ማስገቢያ ውስጥ ሳይገባ በላዩ ላይ ያልፋል። «ይኼን ሱሪ የሰፋው ማነው?» እያልኩ ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ እዚያው ተተክዬ ቀረሁ።

መነጽሩ ሲወልቅ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አልተሳሳትኩም፣ አልሰበርኩም፣ ማንንም አፍጥጬ አላየሁም። ጫማዎቹ ሁሉ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተዋል።

ደምሰው ሲያስረዳ ድምፁ የሐኪም ድምፅ ሆነ። «መነጽሩ ውስጥ ዓይን የሚከታተል ካሜራ አለ። ዓይኗ የት እንዳረፈ፣ ምን ያህል እንደቆየ ይመዘግባል። ቀይ ማለት ብዙ የታየ ማለት ነው።» ቴሌቪዥኑ ላይ የዓረቡ ቤት ተገልጧል። «የማዳሟ ፊት ይኸው፣ ንጹሕ ነው፤ አንዴም አላየቻትም። የምትደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው እንደዚህ የሚያደርገው። መጋረጃው ሥር ቀልቷል፤ ይኼ የንብረት ጉጉት ይባላል። እና...»

ከ«እና» በኋላ ያለውን መናገር አላስፈለገውም። ሾፌሩ መጣ። ከቀበቶው እስከ ታች፣ ነጠላ ላይ እንደተደፋ ቀይ ወጥ ተንጣልሎበታል።

አንዲት ሴት ከኋላ «በስመ አብ!» አለች።

«የዓይን ብሌኗም እዚህ ጋ ሰፍቷል» አለ ደምሰው፤ «ብሌን ሲሰፋ ስሜት አለ ማለት ነው።»

«በጨርቅ ታፍና ጨለማ ውስጥ ገብታ የማን ብሌን ነው የማይሰፋው?» አሉ አያ ሙሄ። «ወላሂ ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ጎረቤቷ ነኝ፣ የዓይኗን ቀለም አላውቀውም!»

«ቀበቶው ከማስገቢያው ወጥቶ ነው» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እስካሁን ድረስ ከዚያ የባሰ ቃል ከአፌ ያመለጠ አይመስለኝም። «ስፌቱን ነው ያየሁት» ስልማ የባሰ ሆነ። ወንድ ላይ አፍጥጣ የተያዘች ሴት ሁሉ ስፌት አየሁ ማለት ከጀመረች አገር ልብስ ሰፊ ብቻ ሊሆን ነው።

መሪጌታ ጥበቡ መቋሚያቸውን ወለል ላይ መቱት። «ልብ ያልላከው ዓይን አይሄድም! ይመር፣ ልጅህን ይዘህ ግባ። ይኼ ዕቃ የደበቀችውን አወጣባት።»

እኔ የኤጀንሲውን ፈተና ማለፌንም መውደቄንም ረስቼዋለሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ አምኖት ይሆን? ፊቱን እንዳላየው ደግሞ ዓይኔ ቀና ማለት አልለመደም። የማየው ቦቲውን ነው። ቦቲዎቹ ጭቃ እንደያዙ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ከቦቲ ደግሞ ምን ይነበባል?

አያ ሙሄ ግን ሰው በነገር ሲያዝ የሚያዩትን ቀዳዳ አዩ። «መሪጌታ፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ እኮ ዕቃው መልካም ነው። ልብ የሚያወጣ ከሆነ አንዴ ቢያጠልቁትና ለልጆቹ አርአያ ቢሆኑ ምን ይመስልዎታል?»

ቤቱ ሁሉ «ያጥልቁ! ያጥልቁ!» አለ። መሪጌታ እምቢ ቢሉ የሚደብቁት ነገር አለ ሊባል ነው። ሻሻቸውን... ይቅርታ፣ ጥምጥማቸውን አወለቁና መነጽሩን አጠለቁ። አረንጓዴውን አዩ፣ በሁሉም ነገር ተስማሙ። ማዳሟ ስትመጣ ፊታቸውን አዞሩ። ሳሎኑን አለፉ። ወጥ ቤት ገብተው «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ ቆም አሉ። ከዚያ መነጽሩን በኩራት አውልቀው «ምን አየሁ? ምንም አላየሁም!» አሉ።

ደምሰው ቴሌቪዥኑን ነካው። ማዳሟ ንጹሕ፣ ሾፌሩ ንጹሕ፣ መጋረጃው ንጹሕ። ዶሮው ግን አጥንቱ ድረስ ቀልቷል። በፍልሰታ! ጭኑ ላይ ያለው ቀይ የእኔን ቀይ ያስንቃል።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አንዱ «መሪጌታ፣ እንኳን ደኅና ፈሰኩ!» ሲል ሰማሁ። የመሪጌታ ጫማ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ከዚያ ሌላ፣ ግድግዳው ከለከለው። እሳቸው ላይ ልስቅ ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት እኔ ነበርኩ እዚያ የቆምኩት።

ያኔ ቦቲዎቹ ተንቀሳቀሱ። አባቴ ብድግ ብሎ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ቴሌቪዥኑን ሸፈነው። ልክ እናቴ ሊጥ እንደምትሸፍነው፣ በሁለቱም በኩል ዝቅ አድርጎ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ።

«በቃ» አለ። «የሰው ዓይን የሰው ገበና ነው። ገበና እንደ ሥጋ አይዘረጋም።»

«አባባ፣ ቲቪውን ቢሸፍኑት ዋጋ የለውም» አለ ደምሰው፤ አልተቆጣም፣ ያዘነለት ይመስላል። «ሄዷል እኮ።»

«ወዴት ነው የሄደ?»

«ውጭ አገር። ድርጅቱ ጋ። የልጅቷም፣ የመሪጌታም። ከፓስፖርቷ ጋር ተያይዞ እዚያ ይቀመጣል።»

«ማነው የፈቀደ?»

«ራሷ ናት። በዓይኗ ፈርማለች።»

አባቴ ወደ በሩ ዞረ። «እኛ በአውራ ጣት ስንፈርም እንኳ የሚያነብልን ሰው ይጠሩልን ነበር» አለና ወጣ። ተከተልኩት። ጋቢው ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረ።

መንገዱ ጭቃ ነው፣ ካፊያው አላባራም። አባቴ በሸሚዙ ብቻ ከፊቴ ይሄዳል፤ ቦቲው ቷ ቷ ይላል። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው አፌን የከፈትኩት።

«አባዬ፣ ጋቢህ ቀረ።»

«ይቅር።»

«ብርድ ይመታሃል።»

«ይምታኝ።»

«አባዬ፣ ዓይኔን ሰብሬ ነው። ሰውዬው ደረጃ ላይ ነበር። ዓይኔን ስሰብር...» መጨረስ አቃተኝ፤ አለቀስኩ።

ቆመ። «ዓይንሽን ስበሪ እያልን አሳደግንሽ» አለ፤ «ሰብረሽ የት እንደምታሳርፊው ግን አልነገርንሽም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከዛሬ ወዲህ ቀና ብለሽ እዪ። ዓይንሽ የሚያርፍበትን ሰው ከቆጠረው ዘንድ ፊት ለፊት ማየት ይሻላል።»

ቀና አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የአባቴን ፊት በቅጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዓይኖቹ እንደ እኔው ፈካ ያሉ ቡናማ ናቸው። ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል አሮጌ ጠባሳ አለ፤ ከየት እንዳገኘው ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም። ከቦቲው በላይ ይህን ያህል ሰው መኖሩ ገረመኝ፣ አንጀቴንም በላኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ደሴ ወርጄ ሌላ ኤጀንሲ ሞከርኩ። መነጽር የላቸውም፤ ደስ አለኝ። ፓስፖርቴን ወስደው ኮምፒውተር ላይ ሲነኩ የጸሐፊዋ ፊት ተለዋወጠ። አሁን ፊት ስለማይ አየኋት። «ሾፌር ያለበት ቤት አይሆንሽም» አለችኝ፤ «ሾፌር የሌለው ቤት ደግሞ የለም።» እኔ ደሴን አልፌ አላውቅም፤ ዓይኔ ግን ባሕር ተሻግሮ፣ መኖሪያ ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ የማላውቀው አገር ይኖራል። እዚያ ስሙ ጥሩ አይደለም።

መካነ ሰላምም አልተኛችም። ልጆቹን ለመነጽሩ የሚያዘጋጅ አሠልጣኝ ተነሣ። ማዳሟን ይህን ያህል እዪ፣ መጋረጃውን ለአመል፣ ሕፃኑን ፈገግ ብለሽ፣ ሾፌሩን በጭራሽ እያለ ያስተምራል። ልጆቹ ገበያ ውስጥ ሲሄዱ ዓይናቸውን በልክ ሲያዞሩ ታያላችሁ። ለወንድሙ ሚስት የሚፈልግ አንድ ሰውማ «ያ መነጽር ለሽምግልና አይከራይም?» ብሎ ጠይቋል አሉ። መሪጌታ ጥበቡ ከዚያ ወዲህ ስብከታቸው ለስልሷል፤ እኔንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቀድመው ሰላም ይሉኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «እኔ የምደብቀው የለኝ» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። የደበቅኩት ነገር አልነበረም፤ ያየሁት ቀበቶ ነው። ዓይን የት እንዳረፈ የሚያውቅ ዕቃ ለምን እንዳረፈ አያውቅም፤ የማያውቀውን ግን ከራሱ ጨምሮ ይናገራል፤ ሰው ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱን ያምናል። አረንጓዴ ክብ ሲመጣላችሁ ከማየታችሁ በፊት ሥሩ ያለውን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ሰው ከጠፋ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ጋቢው አልተመለሰም። ኤጀንሲው ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ደምሰው ቴሌቪዥኑ በመንገዱ እንዳይጫር በአባቴ ጋቢ ጠቅልሎ አይሱዙ ላይ ሲጭነው አያ ሙሄ አይተዋል። አባቴ ሲነገረው ሳቀ።

ባለፈው ጥቅምት አዲስ ጋቢ አሠራሁለት። ሸማኔው ያመጣውን አጋጥሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አሁንም በሰው መኪና። አባቴ ከሥራ ሊወስደኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቃል። እየሰፋሁ አንድ ነገር ውስጤን ይበላኛል። ያን ቀን የመሪጌታ ዶሮ ሲቀላ አባቴ ወዲያው ተነሣ፤ የእኔ ሾፌር ሲቀላ ግን ቦቲዎቹ አልተንቀሳቀሱም። በዚያ መሐል ምን አሰበ? አንዲት ቅጽበት አምኖት ነበር?

የመጨረሻውን ክር በጠስኩና ልጠይቀው ቀና ብዬ ፊት ለፊት አየሁት። ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ ገባው መሰለኝ።

አባቴ ዓይኑን ሰበረ።

ወለሉ ላይ የት እንዳረፈ አልተከታተልኩም። ተነሥቼ ጋቢውን አለበስኩትና ወደ ቤት ሄድን።